የጋምቤላ ወደብና የባንኩ ወረቀቶች በአንድ ይመዝገቡ

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያን የመርከብና የባንክ ሰነዶች አያይዞ ስለ መመዝገብ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ፊቱም ከ2,000 ሜትር ያላለፈ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ይፈቅዳል። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1956 እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያን ከያዘው ጊዜ በቀር፣ የሚያስተዳድረው የሱዳን መንግሥት ሹም ነበር። በባሮ ሽቅብ የሚመጡት መርከቦችም የዚያው መንግሥት ነበሩ።

የገንዘቡም ነገር ከዚህ አይርቅም። የቀድሞው አቢሲኒያ ባንክ (በዚሁ ስም የሚጠራው የዛሬው የግል ባንክ አይደለም) በ1906 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሚያስተዳድረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ ቦርዱ የሚሰበሰበው ካይሮ ሲሆን ግብፅ ራሷ ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ባንኩ በ1912 እ.ኤ.አ. በኢሉባቦር ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ስለዚህ ከኢሉባቦር ወርዶ ጋምቤላ የሚደርስ አንድ ጆንያ ቡና ከአገር ሳይወጣ በሁለት ወረቀት ይታሰር ነበር፦ አንዱ መርከብ ላይ ቦታ የሚሰጠው፣ ሌላው ለነጋዴው ገንዘብ የሚያበድረው። የንግዱ ቁጥጥር በአዋጅ ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መገጣጠሚያ ላይ ነበር። እኛ የምንጠይቀውም መገጣጠሚያው በመዝገብ እንዳይጠፋ ነው።

የመዛግብት ሙያ ሰነድን ካመነጨው መሥሪያ ቤት አትነጥል ይላል፤ ልክ ነው። ፋይል ይበተን አላልንም። የባንኩ በባንኩ፣ የጉምሩኩ በጉምሩኩ ይቀመጥና በካታሎጉ ላይ ብቻ የጋራ የጭነት ቁጥር ይጨመርለት።

ቁጥሩን በነጋዴው ስም ማያያዝ አይሠራም። አንድ ግሪካዊ ነጋዴ በአማርኛ፣ በዓረብኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ አራት ዓይነት ስም ይኖረዋል። አስተማማኙ የጆንያው ምልክት ነው፤ በቀለም የተጻፉት ፊደላትና የጆንያው ብዛት መርከቡ ዕቃውን ሲረከብ በሚሰጠው የጭነት ደብዳቤና በመጋዘን ደረሰኙ ላይ፣ አንዳንዴም በሐዋላው ላይ ሳይለወጡ ይገኛሉ። ቀጥሎ የመርከቡ ስም፣ ከዚያ የወቅቱ ዓመት ይመዝገብ።

በዓመቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሮ ለመርከብ የሚመቸው ክረምት ሞልቶ ሲፈስ ነው፤ የመርከቡ ወቅት ደግሞ መስከረም 1ን ተሻግሮ ይሄዳል። የነሐሴው ጭነት በ1912 ዓ.ም.፣ የመስከረሙ በ1913 ዓ.ም. ቢመዘገብ አንድ ወቅት ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በሱዳኑ ወረቀት ግን ሁለቱም 1920 ናቸው። ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ከዚያ ላይ «የ1920 ክረምት» የሚል አንድ የወቅት መለያ ይሰጥ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃው ሳይጎድል የመጨረሻውን መርከብ ያላገኘ ቡና እስከሚቀጥለው ክረምት መጋዘን ውስጥ ሲቆይ ወለዱ ይቆጥር ስለነበር፣ ወቅቱ ካልታወቀ ዕዳው ለምን እንዳደገ አይታወቅም።

ዋጋና ክብደት እንደተጻፉ ይቀመጡ። ቡናው የሚገዛው በማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ አንዱ ብር 28 ግራም ይመዝናል፣ 1,000 ብር ማለት 28 ኪሎ ሸክም ነው፤ ሐዋላ ለምን እንደተፈለገ ከዚህ ይገባል። የሱዳን ሒሳብ ግን በግብፅ ፓውንድ ነው፤ አንዱ ፓውንድ 100 ቂርሽ፣ 1,000 ሚሊም ሲሆን የእንግሊዙ ፓውንድ በ97.5 ቂርሽ ይመነዘር ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር ግን ከብር ማዕድን ዋጋ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ቋሚ ምንዛሪ የለውም። መዝጋቢው ወደ ዛሬ ብር «ልቀይረው» ካለ የባንኩ ትርፍ ከምንዛሪ ይሁን ከወለድ መለየት አይቻልም። የክብደት መለኪያው ፈረሱላም እንደ ቦታውና እንደ ሸቀጡ ይለያያል፤ ወደ ኪሎ የተቀየረው በሌላ ዓምድ ይግባ።

ስካን ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የወረቀቱ ጀርባ ነው። የጭነት ደብዳቤና ሐዋላ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉት በጀርባቸው ላይ በሚደረግ ፊርማ ነው፤ ዕቃው በመያዣነት ለባንኩ መተላለፉን የሚያሳየውም ያ ፊርማ ነው። ባዶ ቢመስልም ሁለቱም ገጽ በቀለም፣ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ ይነሣ፤ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ማኅተሙና እርሳሱ ይጠፋሉ። የጭነት ደብዳቤ በብዙ ቅጂ ስለሚወጣ «ድጋሚ ነው» ተብሎ አይጣል፤ ፊርማው ያለው በአንዱ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዛገ ስፒልና ስቴፕል ከመነቀሉ በፊት የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ይመዝገብ። የካርቦን ቅጂ ከጠንካራ ብርሃን ይራቅ።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ካርቱም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ክፉኛ ተጎድታለች፤ በዚያ ባለው የሱዳን ወገን መዝገብ መተማመን አይቻልም። በእንግሊዝ አገር ደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሱዳን መዝገብ ግን ለተመራማሪ ክፍት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በእጃችሁ ያለው በጭነት ቁጥር ይመዝገብ፤ ከዚያ የጎደለው ወቅትና የመርከብ ስም ተለይቶ የቅጂ ጥያቄ ለደርሃም ይላክ። ዝርዝር ሳይያዝ «ስለ ጋምቤላ ያላችሁን ሁሉ» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሰነድ አያስገኝም።

ሙከራው በአንድ ክረምት ጭነት ይጀመር፤ ጎሬ ቅርንጫፍ ከተከፈተ በኋላ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ግልባጭ፦
ለጋምቤላ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ጋምቤላ