ከቀረጻ በኋላ ያለው ሥራ ይታሰብበት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጃንዋሪ 27 በደረሰ ቁጥር ከናዚ እልቂት የተረፉ አይሁዳውያን ቁጥር መመናመኑ በየጋዜጣው ይነሣል። ዕለቱ የሶቪየት ጦር በ1945 የናዚዎችን የሞት ካምፕ አውሽቪትዝን ነጻ ያወጣበት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2005 የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን ወስኗል። ለተረፉት ካሣ የሚያስከፍለው ክሌምስ ኮንፈረንስ በ2024 መጀመሪያ ባወጣው አኃዝ 245,000 ያህል ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ 86 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ስለዚህ “ቃላቸው ቶሎ ይቀዳ” የሚለው ጥሪ ተገቢ ነው። ከተቀዳ በኋላ የሚባክነው ምስክርነት ግን ቀላል አይደለም፤ ስለዚያ የሚጽፍ ብዙም አላየንም። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ካላልን በቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው።)

አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በ1946 ዴቪድ ቦደር የተባለ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያና 200 ጥቅል ሽቦ ይዞ ከቺካጎ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ በየስደተኛ መጠለያው 130 ያህል ሰዎችን በየቋንቋቸው አነጋገረ። ከጥቅሎቹ አንዱ ፓሪስ አጠገብ ሄኖንቪል በሚባል ቦታ የተጠለሉ ሰዎች ያዜሟቸው ዘፈኖች ያሉበት ነበር። ለአሥርት ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ ኖረ። አልጠፋም። ኦሃዮ ውስጥ በአክሮን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን የቦታው ስም መዝገቡ ላይ “ሄሮቪል” ተብሎ ስለሰፈረ የሚፈልጉት አላገኙትም። 70 ዓመት ያህል ቆይቶ ሲገኝ ደግሞ ያንን ሽቦ የሚያጫውት መሣሪያ አልነበረም፤ ባለሙያዎች አሮጌ መሣሪያ አፈላልገው፣ ጠግነውና አሻሽለው ነው ድምፁን ያወጡት። የስም አጻጻፍ ስሕተትና ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ፣ ሁለቱም በአንዲት ጥቅል ሽቦ ላይ ተገናኙ።

ከዚያ በፊት የነበረውም ያስተምራል። ናዚዎች አይሁዳውያንን አጥረው ባስቀመጡበት የዋርሶ ጌቶ ውስጥ የታሪክ ምሁሩ ኢማኑኤል ሪንገልብሉምና ጓደኞቹ በኅቡዕ ማስረጃ ይሰበስቡ ነበር፤ የራሽን ካርድ፣ የትራም ቲኬት፣ የከረሜላ መጠቅለያ፣ የተማሪዎች ድርሰት፣ ከየከተማው ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ቃል። በኦገስት 1942 የመጀመሪያውን ክፍል በ10 የብረት ሣጥኖች አድርገው በኖቮሊፕኪ ጎዳና ቁጥር 68 ምድር ቤት ቀበሩት፤ ሁለተኛውን በ1943 መጀመሪያ በሁለት የወተት ማመላለሻ ጋን ውስጥ። ሣጥኖቹ ውሃ እንዳያስገቡ ሆነው አልተዘጉም ነበርና በ1946 ሲወጡ ወረቀቱ ረጥቦና ሻግቶ ተገኘ። በ1950 የተገኙት የወተት ጋኖች ግን ውስጣቸውን በተሻለ ሁኔታ ጠብቀውት ነበር። ሦስተኛ ክፍል እንደነበረም ይታወቃል፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከቡድኑ በሕይወት የተረፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ጸሐፊው ሄርሽ ቫሰር፣ ቦታውን ባያመለክት ኖሮ በፍርስራሽ ክምር ሥር የት ይቆፈር ነበር? ሌላዋ ተራፊ ራሔል አውርባክ ወደ እስራኤል ሄዳ ከ1954 ጀምሮ በአገሪቱ የእልቂቱ መታሰቢያ ተቋም፣ በያድ ቫሼም፣ የምስክርነት አሰባሰብ ክፍልን መራች። በ1961 ለተካሄደው የናዚው ባለሥልጣን የአዶልፍ አይክማን ችሎት ምስክሮችን በመምረጥ ረገድ የእርሷ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ይህን በአማርኛ ጋዜጣ ላይ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በእስራኤል ያሉ በርካታ ወጣቶች በሱዳን በኩል በእግር የተጓዙ አያቶቻቸውን ቃል በስልክ እየቀዱ ነው። በዚያ ጉዞና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን እንዳለቁ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከጉዞውም በፊት በአገር ቤት “ቡዳ” እየተባሉ የኖሩበት ዘመን አለ። ይህንን ከናዚ እልቂት ጋር እናወዳድር አንልም፤ ሁለቱ የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። የአቀዳዱና የአያያዙ ዘዴ ግን አንድ ነው። ስሕተቱም እንዲሁ፣ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ የራሱ መልክ አለው።

ከስም እንጀምር። ያድ ቫሼም ለእያንዳንዱ ሟች አንድ የምስክርነት ገጽ ያስሞላል፤ ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ ሥራ፣ በጦርነቱ ጊዜ የነበረበት ቦታ፣ የአሟሟት ሁኔታ፣ በመጨረሻም የሞላው ሰው ፊርማ። ችግሩ አንዱን የቤተሰብ ስም ጀርመኑም ፖላንዱም ሩሲያውም ለየብቻው መጻፉ ነው። ሽቫርትስ የሚለው ስም በጀርመንኛ ሰባት ፊደል፣ በፖላንድኛ ስድስት ነው፤ ከመጀመሪያው ፊደል በቀር አጀማመራቸውም አይገናኝም። ስለዚህ በ1985 ስሞችን በፊደል ሳይሆን በአነባበብ የሚያዛምድ ዳይች ሞኮቶፍ የተባለ የኮድ ዘዴ ተበጀ። እኛ ጋ ሐ፣ ሀ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ አሉ። “ፀሐይ” ብሎ የመዘገበውን “ጸሀይ” ብሎ የሚፈልግ ሰው ኮምፒውተሩ “የለም” ይለዋል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው፤ በአንዱ ቤተሰቡ የሚጽፈው እንዳለ ይቀመጥ፣ በሌላው በአንድ ወጥ ፊደል ይደገም። እስራኤል የገቡ ሰዎች ላይ ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልጋል። ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸው ብዙ ናቸው፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦ ወንድማማቾች በተለያየ ስም የቀሩበትም አለ። የመንደር ስም፣ የመታወቂያ ስም፣ የቤት መጠሪያ፣ ሁሉም ይያዝ።

ቀን የበለጠ ያሳስታል። እማማ “በ77 ነው የወጣነው” ካሉ፣ ገልባጩ ስምንት ደምሮ 1985 ብሎ ይጽፋል። ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ በረራ የተጀመረው ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ነው፤ በእኛ ኅዳር 12 ቀን 1977። የቆመው ጃንዋሪ 5 ቀን 1985፣ በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977። ያው አንዱ 77 በፈረንጁ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይደመራል። ወር ካልታወቀ “1984/85” ብሎ መተው ይሻላል። ከአውሮፓ የተረፉትም “ከፋሲካ በኋላ”፣ “ድንች በሚለቀምበት” ይሉ ነበር፤ ጥሩ መዝገብ የተባለውን እንዳለ ትቶ ስሌቱን በግርጌ ያሰፍራል እንጂ በተናጋሪው አፍ ቁጥር አይጨምርም።

ትርጉም ላይ አንድ ነገር ቀርቦ ይታይ። ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን “መስጊድ”፣ የሃይማኖት መሪያቸውን “ቄስ” ይላሉ። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ “መስጊዱን አቃጠሉት” የሚለውን የእስላም መስጊድ አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ቄሱንም የክርስቲያን ካህን ያደርጋቸዋል። ከዚያ በትርጉሙ ብቻ የሚሠራ ተመራማሪ የማይመለከታቸውን ሰዎች ታሪክ ይጽፋል። ስለዚህ ሰው በሚያልምበት ቋንቋ ይናገር፣ አማርኛም ይሁን ትግርኛ ወይም የአገው ቋንቋ ዘር የሆነው ቋረኛ፤ ትርጉሙ ከድምፁ ጎን ይቀመጥ እንጂ አይተካው። “ፈላሻ” የሚለውም ስድብ ነው ተብሎ ከግልባጩ አይፋቅ፤ ማን ለማን እንዳለው በግርጌ ይብራራ። ለአዘጋጆችም አንድ ማሳሰቢያ፤ እልቂቱ በዕብራይስጥ የሚጠራበትን ስም “ሾዋ” ብሎ መጻፍ አንባቢን ወደ ሸዋ ይወስደዋል። “ሾአ” ቢባል ይቀላል።

ስለ አጠያየቁ። በ1994 ስቲቨን ስፒልበርግ የመሠረተው የሾአ ፋውንዴሽን በጥቂት ዓመታት ውስጥ 52,000 ያህል ምስክርነቶችን በ56 አገሮችና በ32 ቋንቋዎች ሲቀዳ፣ ጠያቂዎቹ ቀድመው ረጅም መጠይቅ ያስሞሉ ነበር፤ ከጊዜው 20 በመቶው ከጦርነቱ በፊት ለነበረው ሕይወት፣ 60 በመቶው ለጦርነቱ፣ 20 በመቶው ለኋላው እንዲሆን ይመከራል። ቸኩሎ ወደ መከራው የሚገባ ጠያቂ ሰውየውን ተጠቂ ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል። “ሲያሳድዷችሁ ምን ተሰማዎት?” ከሚለው ይልቅ “ጎረቤት ምን ብሎ ይጠራችሁ ነበር? መሬቱን ያረሳችሁት በእኩል ነው በሲሶ? ሸክላውን የትኛው ገበያ ነበር የምታወጡት?” የሚለው ብዙ ያወጣል። ዝም ሲሉ ዝም ይባል። “ይገባኛል” አይባል፤ በመሀል አይታረሙ። ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ ማን ይስማው፣ መቼ፣ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ አይውጣ ለየብቻ ይጠየቅ። በስም ጠርተው የወቀሱት ሰው ካለ እርሱም በተለይ ይታይ።

መሣሪያው ቀላል ነው። ፍሪጁ ይነቀል፣ ስልኩ የበረራ ሁነታ ላይ ይደረግ፣ ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ልብስ እንዳይነካ ይሰካ፣ አንድ ደቂቃ ተቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ። ሳይጨመቅ በዌቭ (WAV) ፋይል፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ በአንድ ማይክ 520 ሜጋባይት ያህል ነው። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ወይም የድምፅ መልእክት የተላከ ይጨመቃል፤ ከፋይሉ ጋር የነበረው መረጃም ሊቀር ይችላል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ሃርድ ዲስክ መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ አይኖርም፤ በየዓመቱ ተከፍቶ ይታይ።

ከዚያ ማውጫው ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ቃል በቃል ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ አቅም ከሌለ ግልባጩ ይቆይ፣ የደቂቃ ማውጫው ግን አይቅር። በአንድ ሠንጠረዥ ደቂቃ፣ ቦታ፣ ሰው፣ የተወራው በአንድ መስመር። የሁለት ሰዓት ቅጂ 120 መስመር ይሆናል። ይህ የሌለው ቪዲዮ ማንም ከዳር እስከ ዳር ካላየው በቀር ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።

ስለ ትምህርቱ ስንመጣ፣ መምህራንን በጣም የሚያስቸግረው ምስክሩ ሲሳሳቱ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 1944 በአውሽቪትዝ ቢርከናው አስከሬን ለማቃጠል የተገደዱት እስረኞች አመፁ፤ ከማቃጠያ ቤቶቹ አንዱ፣ አራተኛው፣ ክፉኛ ተጎዳ። አንዲት ሴት ግን በምስክርነቷ አራት ጭስ ማውጫዎች ሲፈነዱ አየሁ ብላለች። የታሪክ ሰዎች ቁጥሩ ስሕተት ነውና ቃሏ አያስኬድም አሉ። ራሱ በልጅነቱ ከእልቂቱ የተረፈው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዶሪ ላውብ ደግሞ፣ ሴትዮዋ የመሰከረችው ስለ ቁጥር ሳይሆን የማይደፈር የነበረው መደፈሩን ስለማየቷ ነው ብሎ ተከራከረ። እኛ ሁለቱም ለተማሪ ይነገረው እንላለን። ስሕተቱን የሚደብቅ መምህር፣ ልጁ ነገ ከእልቂቱ ካጆች ዘንድ ሲሰማው መላው ምስክርነት ውሸት እንዲመስለው ያደርጋል። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ “በዓይኗ ያየችው የቱ ነው? ከሰው የሰማችው የቱ ነው? በምን ሰነድ ይመሳከራል?” የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ።

ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ቅንጭብ ይበቃል። መጀመሪያ ሰውየው ከመከራው በፊት ማን እንደነበረ፣ ካርታው፣ ዘመኑ። የሬሳ ክምር ፎቶ አይታይ፤ ልጆች ደንግጠው ይዘጋሉ እንጂ አይማሩም። “አንተ ጠባቂ ሁን፣ አንቺ እስረኛ” የሚል ድራማም አይሠራ። በቅርቡ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ የሐሰት ተጠቂዎች ምስልና ታሪክ በፌስቡክ ሲዛመት የአውሽቪትዝ ሙዚየም በ2025 አስጠንቅቋል፤ የምስሉ ምንጭ የማይታወቅ ከሆነ መምህሩ ባይጠቀምበት ይመረጣል።

በመጨረሻ ጥያቄያችን ለጋዜጣው ነው። የተረፉ ሰዎችን ቃል ስታትሙ ከሥሩ በትንሽ ፊደል አራት ነገር አስገቡልን፤ የት እንደተቀዳ፣ መቼ (በየትኛው አቆጣጠር)፣ በምን ቋንቋ እንደተነገረና ማን እንደተረጐመው፣ ምን እንደተቆረጠ። የተቆረጠው ቦታ ላይ “ከዚህ በኋላ 11 ደቂቃ ተዘልሏል” የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
በቃል ታሪክ ቀረጻና በመዛግብት አያያዝ ላይ የምንሠራ ባልደረቦች