የፍል ውሃ ፈተናን በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛችን ከስታርች በምናዘጋጀው ማልፊያ የለፋ የበግ ቆዳ ቁራጭ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ቁራጩ ተኮማትሮና ጠንክሮ ሲወጣ በማየታቸው፣ የቀራቸውን ማልፊያ አቃቂ ወደሚገኘው ማምረቻችን መልሰውልናል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስንሸጥላቸው ማስረዳት የነበረብንን አላስረዳናቸውም።

የፍል ውሃ ፈተና በክሮም፣ ማለትም በተለመደው የክሮሚየም ጨው ማልፊያ፣ ለለፋ ቆዳ የሚሆን መመዘኛ ነው። ጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይኮማተራል፤ በክሮም በደንብ የለፋው 100 ዲግሪን ይችላል፤ የእኛው 80 ዲግሪ ግድም ላይ ይኮማተራል። የስታርች ሞለኪውል እንዳለ ቆዳው ውስጥ ሊዘልቅ የማይችል ግዙፍ በመሆኑ በመጀመሪያ በአሲድ እናሳጥረዋለን፤ ከዚያም ፔሪዮዴት በተባለ ኬሚካል ኦክሲዳይዝ ስናደርገው አልዲሃይድ የተባለ ተጣባቂ የኬሚካል ቡድን ይፈጠርበታል፤ የቆዳውን የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ የሚያስተሳስረውም ይኸው አልዲሃይድ ነው። ዋጋው ከክሮም የሚበልጠው ፔሪዮዴት ውድ ስለሆነ ነው። ለጓንትና ለልብስ ቆዳ ይህ ጥንካሬ በቂ ነው ብለን እናምናለን፤ በሙቀት ለሚወጠር የጫማ ፊት ግን ብቻውን እንድትጠቀሙበት አንመክርም። መፈተን ስትፈልጉ ቁራጩን በቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ፣ ቀስ በቀስ እያሞቃችሁ፣ የሚኮማተርበትን ዲግሪ በቴርሞሜትር መዝግቡ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ጥድፊያ ነው። ማልፊያው ወደ መሃል ሳይዘልቅ አሲድነትን የሚቀንሰው ባይካርቦኔት በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ላዩ ይያዝና መሃሉ ጥሬ ይቀራል፤ ስለዚህ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 8 የምታደርሱት በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ክሮም ሲሆን የቆዳውን አንገት በምላጭ ቆርጦ ሰማያዊውን ማየት ይበቃ ነበር። የእኛው ነጭ በመሆኑ ዓይን አይለየውም፤ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ እንደ አሲድነቱ መጠን ቀለሙን ከሚቀይረው ብሮሞክሬሶል ግሪን አንድ ጠብታ አድርጉበት። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ከሆነ ባይካርቦኔቱ ዘልቋል፤ መሃሉ ላይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መስመር ከታየ ቆዳው ያለበት ድራም (የሚሽከረከረው በርሜል) ገና መዞር አለበት።

በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮም ቀላል የማይባል ክፍል ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። በአቃቂ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ጎረቤቶቻችን ናቸውና ይህን ሥራ የጀመርነው ስለ እነርሱም ጭምር ነው። ሆኖም የተረፈው ስታርች ሲበሰብስ የወንዙን ኦክስጅን ስለሚጨርስ፣ ከእኛ ማልፊያ የሚወጣውም ፍሳሽ ሳይጣራ እንዳይለቀቅ አደራ እንላለን።

ማልፊያውን የመለሱልን ደንበኛም ሆኑ ሌሎቻችሁ ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ ባለሙያችን ፋብሪካችሁ ድረስ መጥቶ የመጀመሪያውን ድራም ያለ ክፍያ አብሯችሁ ይሠራል።

ከአክብሮት ጋር
የምርት ክፍል