ሲባጎ፣ ችካል እና 5 ሜትር፦ የሴቶች የቤት ግንባታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

“ሴት ልጅ ሲሚንቶ ምን ያደርግላታል?” ዓመቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስሰማ ከረምኩ። ከወላጅም፣ ከመምህራን ክፍልም። መልሴን እዚህ ልጻፈው።

ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአካባቢው ሴቶች ጋር ቤት ይሠራል። የምንሠራው በነፃ ነው። ቤቱ በገበያ ዋጋ መግዛት ለማትችል እናት ነው የሚሠራው፤ ግን ምጽዋት አይደለም። ወጪውን በአቅሟ ቀስ በቀስ ትከፍላለች፣ ከእኛ እኩልም ብሎኬት ትሸከማለች። ነገሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው ቤት የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ከተመሠረተ ጀምሮ የቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው አብረው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ አሜሪካ ሻርሎት ከተማ ውስጥ የሴቶች ቡድን አንድ ቤት ገንብቶ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሴቶች ይህንኑ ሠርተዋል። የእኛ ልጆች ምን ያንሳቸዋል?

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በስብሰባ፣ በምዝገባና በወላጅ ፈቃድ ወረቀት አለቀ። ከ16 ዓመት በታች የሆኑትን ግንባታው ላይ አላሰማራንም። እነሱ የሥራ መዝገብ ያዙ፣ ዕቃ ቆጠሩ፣ ውሃ አቀረቡ።

አሁን ወደ መሠረቱ ቀን ልምጣ።

ግንበኛዋ ሲባጎ ዘረጋች። ከማዕዘኑ ችካል ተነስታ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለካች። “በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል በትክክል 5 ካልመጣ ቤቱ ጠማማ ነው” አለች። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሜትሩን ያዘች። ይህች ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ አታውቅም። የማስተምራት እኔ ነኝ፣ ውጤቷንም አውቃለሁ። ሜትሩን አየችና ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ “ቲቸር፣ ይሄ እኮ ፓይታጎረስ ነው!” ብላ ጮኸች።

የመጣው 4 ሜትር ከ94 ነበር። ማንም ሳያዛት ችካሉን ነቀለች። ትንሽ ወደ ውጭ ወስዳ መታችው፣ እንደገና ለካች። 4 ከ98። አሁንም ነቀለች። በሦስተኛው 5 ሞላ። የቤቱ እናት አጠገቧ ቆማ ስታይ ነበር። ጎንበስ ብላ ሲባጎውን በጣቷ ነካ አደረገችና “ልጄ፣ እዚህ ጋ ነው የምተኛው” አለቻት። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም። ሌሎቹን ሦስት ማዕዘኖች ግን ራሷ ካልለካሁ አለች። እኔ ያንን ቲዎረም ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ!

ያልተሳካልንም አለ። ዝናብ ሦስት ቅዳሜ ወሰደብን። አምስት ልጆች ቤተሰብ ስላልፈቀደ ወጡ። አንድ ቀን አራት መደር ብሎኬት በቱንቢ ሲታይ ዘሞ ተገኘ፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር አፍርሰን እንደገና ሠራነው። ሁለተኛ ቤት ለመጀመር አቅደን ነበር፣ አልደረስንበትም።

ስለ ጓንት ግን ዝም አልልም። ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ለ18 ተማሪዎች ያለን 6 ጥንድ ጓንት ነው፣ እሱም በወንድ እጅ ልክ የተሠራ። ልጆቹ ጫፉ እየተጣጠፈባቸው በተራ ያጠልቁታል። ለሌሎች ክበባት ማሊያና ኳስ በየዓመቱ ይገዛል፤ ደስ ይለኛል፣ ይገባቸዋል። የእኛን ጥያቄ ግን ከአንድ መንፈቅ ዓመት በላይ መልስ አላገኘንበትም። የምንፈልገው ብዙ አይደለም፦ በልካቸው የሆነ 18 ጥንድ ጓንት፣ ሄልሜት፣ አንድ የራሳችን ውሃ ልክ፣ የቅዳሜ መጓጓዣ። መርዳት የሚፈልግ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ መምህራን ክፍል መጥቶ ያናግረኝ።

ግድግዳው አልቋል። ጣሪያው ይቀራል። የቤቱ እናት ቅዳሜ ማታ ከመሄዷ በፊት በሩ የሚገጠምበትን ቦታ ትጠርጋለች። በሩ ገና አልመጣም።