ስለ አሸዋው ትልህ

ቢቸና፣ መስከረም 22 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአንተነህ፦ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የልብ ወለድህን ደብተር ከሰጠኸኝ አራት ክረምት አለፈ። ዝም ያልኩት ድርሰቱን ንቄ ሳይሆን፣ በበረሃ አሸዋ ውስጥ የምታስኬደው አርባ ሜትር ትል በምን እንደሚተነፍስ መልስ አጥቼለት ነው፤ ይህም ቢሆን ጥፋት ነውና ይቅር በለኝ።

ሐምሌ ላይ ድንች ስኮተኩት አንድ የመሬት ትል አውጥቼ ድንጋይ ላይ አኖርኩት። ፀሐይ ብልጭ ብላ ስትቆይ ቆዳው ደበዘዘ፣ መጥመልመሉም እየላላ ሄደ። ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነውና ሲደርቅ ይታፈናል። በዚህ ላይ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ያሳተመው የመጠን ሕግ አለብህ፦ አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ 10 እጥፍ ቢያድግ፣ ቆዳው 100 እጥፍ ሲሰፋ ክብደቱ 1,000 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያንተ አውሬ ቆዳው ረጥቦ ቢቆይለት እንኳ ለዚያ ሁሉ ሥጋ የሚበቃ አየር አያስገባም።

አሸዋ ውስጥ መዋኘቱን ግን አልነካብህም። በሰሐራ የአሸዋ ዓሣ የሚሉት እንሽላሊት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኤክስሬይ ሲታይ እግሮቹን ከጎኑ ለጥፎ ገላውን እንደ እባብ እያጥመለመለ ሲቀዝፍ ተገኝቷል። ቁመቱ ግን ከስንዝር እምብዛም አያልፍም።

እኔን ያስገረመኝ በገዛ አገራችን ያለው ነው። ድንቻችንን የሚጨርስብንን ፍልፈል ታውቀዋለህ፤ በኦጋዴን ቆላ የሚኖረው የሩቅ ዘመዱ ደግሞ ፀጉር የለውም፣ ውሃ አይጠጣም፣ እርጥበቱን የሚያገኘው ከሚበላው ሥር ነው። እንደ ንብ በአንዲት ንግሥት ይተዳደራል፤ ያለ ምንም ኦክስጅን 18 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደሚያገግም እ.ኤ.አ. በ2017 ታውቋል። አንተ ይህን ፈጥረህ ብትጽፍ ኖሮ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አበዛኸው ብዬ እሰርዝብህ ነበር።

ስለዚህ ትሉን ተውና በምትኩ የእነዚህን ዓይነት መንጋ አስገባ፤ መሬቱንም ጠጣር አድርገው፣ ልል አሸዋ ጉድጓድ አይይዝምና። ግመሎቹ የሚዋጡበትን ምዕራፍ ግን እንዳትነካው፤ ልጄ ሦስት ጊዜ አስነብባኛለች። ግመሎቹን የዋጠው አውሬ ሳይሆን መንጋው ከሥር ቦርቡሮት የተደረመሰው መሬት ቢሆንስ?

መልስህን እጠብቃለሁ።

ወንድምህ