ያቺ ግራርና ካራቫኗ

ወንድምአለም እንደምን ባጀህ? እማማስ እንዴት ናቸው፣ እግራቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። አራት አመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ፣ መጀመሪያ ቁጥርህ ከስልኬ ጋር ጠፋ፣ ኋላ ሳገኘው ደግሞ ይሄን ያህል ቆይቼ ምን ብዬ ልደውል እያልኩ አፈርኩ፣ እፍረቱ እያደር ባሰ። ይቅር በለኝ።

አሁን እንድጽፍ ያረገኝ ምን መሰለህ፣ አዘዞ ብየዳ ቤቴ በር ላይ አንዲት አሮጌ ካራቫን ቆማለች፣ ያቺ መንገድ ሰሪዎች ካምፕ ውስጥ የምናያት ባለጎማ ተሳቢ ቤት። መተማ ሰሊጥ የሚያመርት ሰውዬ ገዝቷት ለአጫጆች ማደሪያ አድስልኝ ብሎ አመጣት። ለአጫጆች ሲለኝ እኮ ልቤ ቀጥ አለ፣ ቶሎ አንተ ነህ የመጣህብኝ።

ስከፍታት የወለሉ ኮምፖርሳቶ በስብሶ በእጅ ይፈረፈራል። በጣራው መገጣጠሚያ የገባው ውሃ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ የታችኛውን ቱቦላሬ ብረት በዝገት ጨርሶታል፣ ከውጪ ግን ቀለሟ ደህና ነው፣ በመዶሻ ካላንኳኳሃት አታውቅም። የዛገውን ቆርጬ አዲስ በየድኩ፣ አንቲረስት ቀባሁ፣ የጣራውን ሪቬት አንድ በአንድ ነቅዬ መገጣጠሚያውን በሲልከን ደፈንኩ። ኩሽኔታዋንም ግራሶ ሞላሁት፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ልትጎተት ነው፣ ያውም የጭልጋን ቁልቁለት። ጣራዋን ነጭ ቀብቼ ከላዩ አንድ ስንዝር ከፍ አርጌ ሌላ ቆርቆሮ ጨመርኩበት ነፋስ በመሀል እንዲያልፍ፣ የቆላን ፀሐይ ታውቀው የለ።

ከሁሉም የለፋሁት ግን መስኮቱ ላይ ነው። ያንን አንተን የያዘህን በሽታ፣ ካላዛርን፣ የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝም በጣም ታንሳለች፣ በተራው ወንፊት ሰተት ብላ ነው የምታልፈው። ቀን ዋልካው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥና ግራር ስር ተደብቃ ትውላለች፣ ማታ ትወጣለች። እኛ ደግሞ ያኔ ሰሊጥ ስናጭድ ለጥላው ብለን ሸራችንን የምንዘረጋው ግራር ስር ነበር! ማን ነገረን። ትኩሳቱ አልለቅ ሲልህ ወባ ነው እያልን ኪኒን ስናስውጥህ ከርመን፣ ስጋህ አልቆ ጣፊያህ አብጦ ጎንደር ሆስፒታል ስናደርስህ ያን 17 ቀን ሁለት ሁለት መርፌ ስትወጋ፣ አጠገብህ የተኛሁት እኔ እንዴት ተረፍኩ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ስለዚህ በጣም ደቃቅ ወንፊት ነው ያስገባሁባት፣ ደቃቅ ሲሆን ነፋስ ስለሚቀንስ መስኮቶቹን አስፍቼ ፊት ለፊት አረኳቸው። ሰውዬው ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን አለኝ፣ ስምህን ሳልጠራ ያንተን ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ከፈለ።

አልጋ ላይ ግን ተጣላን። እሱ ሶስት ደርብ 12 ሰው ይያዝ አለ፣ እኔ ደግሞ 6 በ2 ሜትር ከ20 በሆነች ቤት 12 ሰው እንዴት ብሎ ይተነፍሳል ብዬ ሙጭጭ አልኩ፣ በ8 ተስማማን። ማብሰያውንም ውጪ አወጣሁት፣ ሲበርዳቸው ከሰል ይዘው እንዳይገቡ በር ላይ በትልቁ እጽፋለሁ።

የሚያሳዝነኝ 8 ሰው ብቻ መሆኑ። ሰሊጡ ደርቆ ሳይፈነዳ ለመድረስ ስንት ሰው ባንዴ እንደሚወርድ አንተ ታውቃለህ፣ የቀረው ያው ሸራ ስር ነው። ሌላ አሮጌ ካገኘህ አምጣት በጉልበቴ ብቻ ልስራልህ ብየዋለሁ፣ የምሬን ነው።

አልጋዎቹን መጀመሪያ 1 ሜትር ከ80 ነበር የለካሁት። ኋላ ያ የመስከረም ዝናብ ትዝ አለኝ፣ እግርህ ከሸራው ወጥቶ ሲመታህ ያደረው፣ ሁሉንም 2 ሜትር አረኳቸው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ እዚህ ናት፣ ሳትወርድ ብትመጣና አንዷ ላይ ተኝተህ ብትሞክራት ደስታዬ ነው። ቁጥሬን ከታች ጽፌልሃለሁ፣ ማታ ማታ ደውል፣ ቀን ግራይንደሩ አያሰማኝም።