ለአባቴ፦ እግርዎ ላይ ስለ ረጋው ደምና ስለ ነጭ የደም ሴሎች

ይድረስ ለክቡር አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ነጭ የደም ሴል ሰውን ከበሽታ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የእኔ መብዛቱ ስለምን ደሜን አረጋው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ አላነጋግር ስላለን፣ ደግሞም ዕድሜዎን በቅኔ ጉባኤ ያሳለፉ ሰው ግማሽ መልስ ስለማይቀበሉ፣ ሐሳቤን በጽሑፍ ማድረስን መረጥሁ። ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ሌላም ነገር አለ፤ «እብጠቱ ጎድሏል፣ መርፌው ይብቃኝ» ማለትዎን ወንድሜ ነግሮኛል። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸውና አብሬ ልመልስ።

ጎረቤቶቻችን እንደሚሉት የእግርዎ እብጠት መንገድ የጣለብዎ ወይም ምች የመታዎ አይደለም። ካንሰርና የደም መርጋት አብረው እንደሚሄዱ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ አርማንድ ትሩሶ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ ለተማሪዎቹ አስተምሮታል። ካንሰር ያለበት ሰው ከሌለበት ይልቅ በደም መልሶቹ ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ ከ4 እስከ 7 እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ አደጋ ከፍ ብለው ከሚገኙት መካከልም የጨጓራና የቆሽት ካንሰሮች ይጠቀሳሉ። የእርስዎ ሕመም ከጨጓራ መነሣቱን ሐኪሞቹ ስላልደበቁዎት እኔም አልሸፋፍነውም።

እኛ በላቦራቶሪ ከምንቆጥራቸው ነጭ የደም ሴሎች መካከል በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም የሚበዙት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ጀርም ሲያገኙ ውጠው እንደሚያጠፉት ከቆየ የታወቀ ነው። በ2004 ግን በርሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች ሌላ ሥራቸውን ገለጡ፤ ኒውትሮፊሉ ውስጡ ተጠቅልሎ የሚኖረውን ዲኤንኤ ፈትቶ፣ ጀርም የሚገድሉ ፕሮቲኖችን እንደ ያዘ ወደ ውጭ ይረጨዋል፤ ያም ክር ሆኖ ተዘርግቶ ባክቴሪያውን ባለበት አስሮ ያስቀረዋል። ብዙውን ጊዜ ሴሉ ራሱ በዚሁ ሥራ ይሞታል። በሕይወቴ ካነበብኋቸው የሥነ ሕይወት ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ የለም።

እንግዲህ ጥያቄዎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ክር ቁስል ላይ ሳይሆን ደም በሚመላለስበት ቧንቧ ውስጥ ሲዘረጋ የሚይዘው ጀርም ብቻ አይደለም። ደም እንዲረጋ የሚረዱ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ይጣበቁበታል፣ ቀይ የደም ሴሎችም ይያዙበታል፣ ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ሥራቸውን ይጀምሩበታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በዓይን የማይታዩ ክሮች ተባብረው አንድ ትልቅ ደም መልስ ይዘጋሉ። ይህም በ2010 በታተመ ጥናት በግልጽ ታይቷል። ከክሩ ጋር የሚወጡት ፕሮቲኖች የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ሰውነታችን ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ የሚከላከልበትን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ሞኖሳይት የሚባሉት ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ደግሞ የመርጋቱን ሂደት የሚያስነሣ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ክር የገባበት የረጋ ደም ከሌላው ይልቅ ለመሟሟት አስቸጋሪ ነው።

ይህን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ካንሰሩ ነው። አንዳንድ ዕጢዎች መቅኔ ኒውትሮፊል አብዝቶ እንዲያመርት የሚያዝ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ በ2012 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት እንደታየውም፣ እንዲህ የበዙት ኒውትሮፊሎች በትንሽ ምክንያት ክራቸውን ለመርጨት የተዘጋጁ ናቸው። ከኬሞው (ከካንሰር መድኃኒቱ) በፊት የተሠራው የደም ምርመራዎ ነጭ ሴሉን በአንድ ማይክሮሊትር ደም 14 ሺህ ማሳየቱን ያስታውሳሉ፤ የተለመደው ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ነው። በ2008 የወጣና ሐኪሞች የደም መርጋትን አደጋ ለመመዘን ዛሬም የሚጠቀሙበት አንድ የነጥብ አሰጣጥ አለ፤ ለጨጓራ ካንሰር 2 ነጥብ፣ ከኬሞ በፊት ከ11 ሺህ ለበለጠ ነጭ ሴል 1 ነጥብ ይሰጣል፤ 3 የደረሰ ሰው ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው ይባላል። እርስዎ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ እዚያ ደርሰዋል።

ነጭ ሴል የሚበዛው በኢንፌክሽንም ነውና፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ አይገባም። በአንጻሩ ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ትኩሳት ከተሰማዎ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ነጭ ሴሉ እጅግ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መርፌው ልመለስ። የሚወጉት መድኃኒት፣ ኢኖክሳፓሪን፣ ሄፓሪን የሚባለው የደም መርጋት መከላከያ ወገን ነው፤ ሥራው ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች መግታት ነው። የረጋውን ደም ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ሰውነትዎ ራሱ ነው፤ መርፌው የሚያደርገው የረጋው እንዳያድግና አዲስ እንዳይጨመር መከላከል ነው። ስለዚህ እግርዎ ስለ ጎደለ ምክንያቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ካንሰሩ እስካለ፣ ኬሞውም እስከቀጠለ ነጭ ሴሎቹ እንደተቀሰቀሱ ናቸው። ሕክምናው ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር የሚቆየው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። ሆድዎ ላይ የሚበልዘው ሥፍራ ያስቸግራል እንጂ አያስጋም፤ ወንድሜ ቦታውን እየለዋወጠ ይውጋ፣ ከወጋም በኋላ አይሸው።

ወጌሻ እግርዎን እንዳያሸው፣ ዋግምትም እንዳያስተክሉ እለምንዎታለሁ። ለራስ ምታት ብለው አስፕሪን ወይም ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ከመርፌው ጋር ሲሆኑ ጨጓራን ያደማሉ። ጠበል መጠመቁን ማንም አልከለከለዎትም፤ ጠበል ጀመርሁ ብለው ግን መርፌውን አይተዉት። ጉባኤ ላይ እግርዎን አጥፈው ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ በየመካከሉ ተነሥተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ፤ ደቀ መዛሙርቱ ይታገሣሉ። ለኬሞው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡም መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ደጀን ላይ ወርደው ሳይንቀሳቀሱ ዓባይን አይሻገሩ።

ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ አየር ሲስቡ ደረትዎን ቢወጋዎ ወይም ደም ያለበት አክታ ቢወጣ፣ መጋኛ ነው ተብሎ እስኪያልፍ አይጠበቅ፤ ከእግር ተነቅሎ ሳንባ የገባ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ቢጠቁር ወይም ደም ቢያስመልስዎም እንዲሁ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የመርፌው መጠን የሚወሰነው በክብደት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ምግብ ከቀነሱ ወዲህ ከስተዋል ብለውኛል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ይመዘኑና ኪሎውን ወንድሜ ይደውልልኝ፤ የኩላሊት ምርመራው ውጤት ከደረሰም ወረቀቱን በስልክ አንሥቶ ይላክልኝ፤ ሁለቱንም ለሐኪምዎ አቀርባለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ከአዲስ አበባ