ለሚጣዬ፣ ስለ ጂፒኤስሽና ስለ ካርታዋ

ሚጣዬ፣

በስልክ የጀመርነውን ወሬ በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። አማርኛሽም እንዳይዝግ። ቅዳሜ ደውለሽ «እማዬ፣ ስኮትላንድ ቤን ኔቪስ ተራራን ልወጣ ነው፣ ኢትሬክስ የምትባል የእጅ ጂፒኤስ በርካሽ አገኘሁ፣ ምን ካርታ ልግዛላት?» ስትይኝ አውቶቡስ ውስጥ ስለነበርኩ መልሴ ግማሹ ቀረ። እናትሽ አዲስ አበባ እያለች ካርታ ስትሥል የኖረች መሆኗን ረስተሽ «ሻጩ እኮ እንዲህ አለኝ» ማለትሽ ግን ትንሽ ከንክኖኛል። ይሁን።

መጀመሪያ ያገኘሻት የትኛዋ እንደሆነች እዪ። ኢትሬክስ 10 ከሆነች ዝርዝር ካርታ አይጫንባትም፣ የሄድሽበትን መስመርና ምልክት ያደረግሽባቸውን ነጥቦች ብቻ ነው የምታሳይሽ። 22 ኤክስ ወይም 32 ኤክስ ከሆነች ባትሪዎቹ ሥር የሚሞሪ ካርድ ቦታ አላት። ከነዚህ አንዷ ናት ብዬ ልቀጥል።

ካርታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ራስተር ይባላል፣ የታተመው ካርታ ፎቶ በይው። የብሪታንያ መንግሥት ካርታ ሠሪ የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ ጂፒኤስ ላይ ሲመጣ እንዲህ ነው። ገደሉ፣ ድንጋያማው፣ ረግረጉ፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ እንዳለው ይታይሻል፣ ዙም ስታደርጊው ግን ይደበዝዛል። ሌላው ቬክተር ነው። እዚያ መንገዱም ወንዙም በነጥብና በመስመር ተቀምጦ መሣሪያዋ ራሷ ትሥለዋለች፣ የፈለግሽውን ያህል ብታቀርቢውም ጥርት እንዳለ ይቀራል። ሰውን የሚያሳስተው ይኸው ጥራቱ ነው። መስመሩ ስለጠራ ትክክል ይመስላል፣ ከጀርባው ያለው ግን አንድ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ የሄደበት መንገድ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የበግ መንገድ።

በነፃ የምታገኚያቸው ቬክተር ካርታዎች አብዛኞቹ ከኦፕንስትሪትማፕ የወጡ ናቸው። በፈረንጆቹ 2004 እዚሁ ብሪታንያ የተጀመረ፣ ማንም ገብቶ የሚሞላው ካርታ ነው። አልንቀውም፣ እኔም ሠፈራችንን ሞልቼበታለሁ። ግን ስታወርጂ የከፍታ መስመር፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዘው መስመር፣ ያለበትን ምረጪ። የከፍታ መስመር የሌለው ካርታ ለታክሲ ሹፌር ነው የሚሆነው።

ሌላው የማልወደው ነገር ራሱ መንገድ የሚመርጥ ሶፍትዌር ነው። ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ተራራ ላይ ዝጊው። በ2021 ጁላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ? ጉግል ማፕስ ላይ ወደ ቤን ኔቪስ የሚወስድ መንገድ የጠየቀ ሰው ለጫፉ በቀጥታ መስመር ቅርብ ወደሆነው የመኪና ማቆሚያ ይመራና ከዚያ ወዲያ ነጠብጣብ ይዘረጋለት ነበር። ነጠብጣቡ የሚያልፈው በገደላገደሉ ነው። ጆን ሙር ትረስትና የስኮትላንድ ተራራ ወጪዎች ማኅበር ሰው ሊሞት ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ነገር ቀጥ ባለ መስመር ሞላው፣ ሰውም መንገድ መሰለው።

ስለዚህ ምን ትግዢ? የኔ ምክር ይኼ ነው። ለቤን ኔቪስ የኦርድናንስ ሰርቬይን የወረቀት ካርታ፣ ኤክስፕሎረር 392 የሚባለውን፣ ግዢ፣ 1፡25,000 የሆነውን፣ አራት ሴንቲሜትር አንድ ኪሎሜትር ማለት ነው። ሽፋኑ ውስጥ ተፍቆ የሚነበብ ኮድ አለ፣ ያንኑ ካርታ ስልክሽ ላይ ያወርድልሻል፣ ተጨማሪ ገንዘብ የለውም። ጂፒኤሷ ላይ ነፃውን ቬክተር ጫኚ። የኦርድናንስ ሰርቬይን ካርታ ለጂፒኤስ መግዛት ካማረሽ ደግሞ ለከርሞ አቆዪውና 1፡50,000ውን ውሰጂ፣ ምክንያቱም የኢትሬክስ ስክሪን 2.2 ኢንች ነው፣ 1፡25,000 እዚያ ላይ እንደ ተበተነ ምስር ነው። ያኔም ከኢንተርኔት ከማውረድ ካርዱን ራሱን ግዢ። የወረደው በአንዲት መሣሪያ ላይ ይታሰራል፣ ያቺ ስትበላሽ ካርታሽም አብሮ ሄደ። ካርዱን ግን ነቅለሽ ሌላዋ ላይ ትከቺዋለሽ።

ኮምፒውተር ላይ ቤዝካምፕ የሚባለው የኢትሬክስ ሠሪዎች ፕሮግራም ይበቃሻል። ነፃ ነው፣ መልኩ ያረጀ ነው፣ አንዳንዴም ያበሳጫል፣ ግን መንገድሽን ቤት ሆነሽ አስምረሽ ወደ መሣሪያዋ ትልኪያለሽ። ጓደኞችሽ የሚልኩልሽን የጂፒኤክስ ፋይል፣ መንገድ የተመዘገበበትን፣ ሳታዪ አትጫኚ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ በጣትሽ ተከተዪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሻጩ ወዳልነገረሽ። ጂፒኤስ ያለሽበትን ቦታ በቁጥር ታውቃለች። ቁጥሩ ግን የሚነበብበት ሥርዓት አለው፣ ዳተም የሚባለው። የብሪታንያ የወረቀት ካርታ በራሱ ዳተም ነው የተሠራው፣ ጂፒኤስ ደግሞ ስትወለድ ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ ዳተም ነው የምታስበው። ሁለቱን ካላስታረቅሻቸው እዚህ አገር 100 ሜትር ያህል ትስቻለሽ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የቦታ አጻጻፉን «ብሪቲሽ ግሪድ» አድርጊው፣ ዳተሙም አብሮ መቀየሩን እዪ። ከዚያ የማያሻማ ቦታ ላይ፣ ድልድይ ላይ በይው፣ ቆመሽ የምትሰጥሽን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ይኼን ሁሉ የምለፈልፈው በራሴ ደርሶ ነው። በ1993 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ አሜሪካኖቹ ጂፒኤስ ውስጥ ሆን ብለው ያስገቡት የነበረውን ስሕተት ካነሡ ብዙም ሳይቆይ፣ ለመስክ ሥራ ወደ መንዝ ስንወጣ አንዲት የእጅ ጂፒኤስ ተሰጠችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከ1፡50,000 ካርታችን ላይ የአንዱን የሲሚንቶ ቅየሳ ምልክት ቁጥር አንብቤ አስገባሁ፣ እሷም እየመራች ወሰደችኝ፣ «ደርሰሻል» አለች። ምንም የለም። ሣር ነው። እየዞርኩ ግማሽ ቀን ፈለግሁ፣ ሰው ነቅሎት ይሆናል ብዬ ቃለ ጉባኤ ላስይዝ ሁሉ ነበር። በኋላ አንድ እረኛ «እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» ሲለኝ ነገርኩት። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ተነሥቶ ስንመለከት የተቀመጠው ምልክቱ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው፣ ኑቢያ ውስጥ ባለ ቦታ ስም የተሰየመ። ከደብልዩጂኤስ 84 ጋር የሚለያየው በ200 ሜትር ገደማ ነው። መሣሪያዋ ምንም አላጠፋችም፣ ሴቲንጉን ያላየሁት እኔው ነኝ። ቢሮ ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ቤን ኔቪስ ላይ 200 ሜትር ማለት ሣር አይደለም። 1,345 ሜትር ላይ ጫፉ ሰፊ ነው፣ ጭጋግ ከወረደ መሬቱም ሰማዩም አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል፣ ግራና ቀኙ ገደል ነው። ለዚህ ነው መውረጃው በቁጥር የሚታወቀው፦ ከጫፉ ምልክት በግሪድ፣ ማለትም ከካርታው መስመሮች ሰሜን ተነሥቶ፣ 231 ዲግሪ 150 ሜትር፣ ከዚያ 282 ዲግሪ። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። መታጠፊያዋን ነጥብ ቤዝካምፕ ላይ ምልክት አድርጊና ጫኚያት። የመሣሪያዋ ሰሜን «ግሪድ» መሆኑንም እዪ። ኮምፓስ ደግሞ አንገትሽ ላይ።

ባትሪ። ብርድ ላይ ተራው አልካላይን ቶሎ ይደክማል፣ ሊቲየም ይሻላል። የሚሞላውን ከተጠቀምሽ ሴቲንግ ላይ ዓይነቱን ቀይሪላት፣ አለዚያ የቀረውን በትክክል አትነግርሽም።

ለጥር ወደ ስሜን ተራሮች ያልነው ጉዞ ግን ሌላ ነው። እዚያ እንደ ኦርድናንስ ሰርቬይ ያለ ካርታ ገዝተሽ ጂፒኤስ ላይ አትከቺም። በርን ዩኒቨርሲቲ ያሳተመው 1፡100,000 የጉዞ ካርታ አለ፣ እሱን ከቻልሽ ፈልጊው፣ ለአጠቃላዩ ያምራል። መሣሪያዋ ላይ ግን እዚያ እኔም የምመርጠው ኦፕንስትሪትማፕን ነው። ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ይኼ መስመር ብዙ ሰው ስለሄደበት መንገዱ ተመዝግቧል። ግዕዝ ፊደል ላታነብልሽ ስለምትችል ስሞቹ በላቲን መሆናቸውን ቀድመሽ እዪ፣ ያኔም አንዱ «ቼኔክ» ሌላው «ጭነክ» ብሎ ይጽፈዋል፣ አትደናገጪ።

የከፍታ መስመሩን ግን ጠርጥሪው። ብዙዎቹ ነፃ ካርታዎች የሚወስዱት በፈረንጆቹ 2000 የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካው ነው፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር እየተቆረጠ። ለአፍሪካ ይኼ ዝርዝር በነፃ የተለቀቀው በፈረንጆቹ 2014 ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረን 90 ሜትሩ ነበር። 30 ሜትር ጥሩ ነው፣ እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍ ላይ ስትቆሚ ግን ከእግርሽ ሥር የሚወርደው ገደል እዚያች ስክሪን ላይ ዳገት መስሎ ይታያል። ስሜን እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል ያለበት አገር ነው። ጫፍ ጫፉን ስትሄጂ ስክሪኑን ሳይሆን ስካውቱን፣ አብሮሽ የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ፣ እዪ።

ካርታ ደግሞ ያረጃል። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፣ የቆየ ካርታ ላይ ግን መንደሩ እንዳለ ነው፣ ውሃ እናገኛለን ብለሽ እንዳትቆጥሪው። ራስ ዳሽንን ደግሞ አንዱ 4,620 ይለዋል፣ ሌላው 4,550፣ ሌላው 4,533። ተራራው አላጠረም፣ የለካው ነው የተለያየው። ስትወጪ ጂፒኤሷ የምትሰጥሽን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ እኔም በድሮዎቹ ላይ ልኩራራባቸው።

የሄድሽበትን ሁሉ ከመነሻው እስከ መመለሻው ቅጂ፣ ማታ ማታ ማስቀመጥሽን አትርሺ። ስትመለሺ አብረን ቁጭ ብለን ካርታው ላይ እንሞላዋለን።

ኮምፓሴን ዛሬ በፖስታ ልኬልሻለሁ፣ አብሮ አንድ ኪሎ በሶ አለ። ኮምፓሱን ከስልክሽ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቺው፣ ማግኔቱ ይበላሻል። ክሩ ያረጀ ይመስላል እንጂ ጠንካራ ነው፣ እንዳትቆርጪው።

እናትሽ